በእኛ ዓመተ ምሕረት

ሰው ትዝታውን ከጆሮው ሥር በተቀበረ ቺፕ ማስቀመጥ ከጀመረ ወዲህ ያለ ጸረ ቫይረስ ከቤቱ ንቅንቅ አይልም። የበእምነት ጸረ ቫይረስ ግን በእንቁጣጣሽ ጠዋት «ቀኑ ጠፍቷል፤ ጥበቃ ቆሟል» እያለ አስቸገረ። ሚስቱ ሶልያና የቺፑን ሴቲንግ በስልኳ ከፈተችና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አይታ 1/1/2071 ብላ ሞላች። ጩኸቱ ቆመ፤ እፎይ አለች።

ወዲያው የስድስት ዓመት ልጃቸው ኤፍራታ የአበባ ሥዕሏን ይዛ ወደ አባቷ ሮጠች።

«አባዬ፣ እንኳን አደረሰህ!»

«እንኳን አብሮ አደረሰን! ሲያምር! የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

ልጅቷ ቀልዱን መስሏት ተንከተከተች። ሶልያናም ልትስቅ ስትል ዓይኗ ስልኩ ላይ አረፈ። «ቀናቸው ገና ያልደረሰ የሰባት ዓመት ፋይሎች እንደ ቫይረስ ተቆጥረው ጠፍተዋል» ይላል።

ክው አለች። ለካ ቺፑ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው፤ ለእሱ ዓመቱ 2078 ነበር።

«ሶሊ» አላት በእምነት፣ ሥዕሉን በፈገግታ እያየ፤ «ዳቦ ቁረሺላት እንጂ! ወደ ሌሎቹ ቤቶች ለመሄድ እንዳይረፍድባት።»