ቡሬ ላይ የከዳው ካሜራ

የአሮጌው ካሜራ የሌንስ ቀለበት ተፈትቶ እጁ ላይ ሲቀር፣ አለበል መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደና «አሁን እንተያያለን፣ ክንዱ!» አለ። ክንዱ በቦታው አልነበረም። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አልተጠያየቁም።

ጠረጴዛው ላይ፣ ከብሎኖቹ አጠገብ፣ የሰርግ መጥሪያ ተቀምጧል። የክንዱ ልጅ ውዳሴ እሑድ ትዳራለች። ካርዱን ያመጡት ሽማግሌ «ክንዱ ‹አለበል ካልመጣ ድንኳኑ ጎዶሎ ነው› ብሏል» ብለው ነበር። አለበል ግን እልኸኛ ነው። የሚሄደው ካሜራውን ፈትቶ፣ አሸዋ ወይም ስንጥቅ አግኝቶ፣ «ይኸው፣ ጥለኸው ነበር» ካለ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ይቅር ሊለው አስቧል። ይቅርታ አድራጊ ሆኖ ሰርግ መሄድ ደግሞ ደስ ይላል።

ካሜራው ባለሁለት ዐይን ነው፤ ከአናቱ ጎንበስ ብለው የሚያዩበት ዓይነት። ሁለቱ ጓደኛሞች በጋራ ገዝተውት፣ ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይተው ፎቶ ቤት ከፈቱበት። መጋረጃው ላይ ፏፏቴና አውሮፕላን አሥለው ነበር። አውሮፕላኑ ፏፏቴው ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም፤ ማንም ግን ቅር ብሎት አያውቅም። ሚስማር ላይ አንድ ኮት ከነክራባቱ ተንጠልጥሏል። ቅዳሜ ገበያ የወጣ ገበሬ ሁሉ እሱን ለብሶ ነው የሚነሳው፤ የቋሪት ሰው ግማሹ በዚያ ኮት ተነስቷል። ክንዱ ኮቱ የሰፋቸውን ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ሰብሰብ አድርጎ «አይተንፍሱ፣ አባቴ!» ሲላቸው፣ ሽማግሌዎቹ ተነስተው ካበቁ በኋላም ትንፋሻቸውን እንደያዙ ይቆያሉ። ያኔ ክንዱ ይስቃል። አለበል ከዚያ ዘመን ሁሉ የሚናፍቀው ያን ሳቅ ነው፤ ይህን ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

አንድ ጊዜ ክንዱ ካሜራውን ይዞ ለሰርግ ቡሬ ወረደ። ሙሽሮቹ ቀጥ ብለው እንደቆሙ የሌንሱ መዝጊያ ተጣብቆ እምቢ አለ፤ ሰርጉም ያለ ፎቶ ቀረ። ተመልሶ «እጄ ላይ እንዳለ ነው የቆመ» ብሎ ማለ። አለበል በሽማግሌ ፊት «ጠጥተህ ጥለኸው ነው!» አለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ክንዱ ካሜራውን እዚያው ትቶ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ፤ ቡሬም ቀረ።

አሁን አለበል የመዝጊያውን ስስ ብረቶች አንድ በአንድ መረመረ። አሸዋ የለም። ስንጥቅም የለም። በመርፌ ጫፍ ጫር ሲያደርገው ግን እንደ ሙጫ የደረቀ ቡናማ ነገር ተነሳ። በጣቶቹ አሽቶ አሸተተው።

«ይኸ ነገር ኑግ ኑግ ይላል» አለ ለራሱ።

«ኑግ ነዋ!» አለች ሚስቱ ሸጋዬ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ቀና እንኳ አላለች።

«ምን አልሽ?»

«ክንዱ ቡሬ ሊወርድ ዋዜማውን ካሜራውን እኔ አይደለሁ እንዴ ኑግ የቀባሁት? አንተ ደምበጫ ውለህ ነበር። የዶሮ ላባ ዘይቱ ውስጥ ነክሬ፣ በዚያች በቃታዋ ሥር ሥር አርጌ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ምንሽሩን ኑግ ሳይቀባ ሰርግ ወጥቶ አያውቅም። ‹ሰርግ ላይ የከዳ መሣሪያ ውርደት ነው› ይል ነበር። ታዲያ ያ ልጅ ሰው አገር ሂዶ ይዋረድ?» ሽንኩርቱን ሳህኑ ላይ ጣል አደረገች። «ምን ያረጋል! እንዲያ ተጠንቅቄ ቀብቸለት፣ ሂዶ ጣለው እንጅ።»

አለበል መርፌውን አስቀመጠ። መዝጊያውን ያጣበቀው ያ ዘይት ኖሯል። ሃያ አምስት ዓመት የተሸከመው ቂም ከገዛ ቤቱ፣ በዶሮ ላባ ተቀብቶ የወጣ ነው። ሊስቅ ቃጣው። ሊቆጣም አፉን ከፈተ። ሸጋዬ ግን ለሰው ደግ እንደሠራ ሰው ረጋ ብላ ትልጣለች።

«ምነው? ቅባቱ ይጎዳው ኑሯል እንዴ?»

«የለም» አለ አለበል። «ጥሩ አርገሻል።»

ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልሎ፣ ቤንዚን እየነከረ፣ ብረቶቹን አንድ በአንድ አጠባቸው። ጥጡ ነጭ ሆኖ መውጣት ሲጀምር ቃታውን ስቦ ለቀቀው። መዝጊያው ጎተት ብሎ፣ ቀ...ጭ አለ።

ካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ደወለ። ሁለት ጊዜ ተሳሳተ።

«አቤት፣ ክንዱ ነኝ። ማን ልበል?»

«አለበል ነኝ።»

አለበል ስልኩ እንዳይዘጋበት ቸኮለ። «ካሜራውን ፈታሁት። አልጣልኸውም፣ ክንዱ። አልጠጣህምም። ጥፋቱ ከኔ ቤት ነው የወጣ። በሽማግሌ ፊት የተናገርሁትን እሑድ በሰርገኛው ፊት እመልሰዋለሁ፣ ከፈቀድህልኝ።»

አለበል ካሜራውን ወደ ስልኩ አስጠጋና ቃታውን ሳበ። ቀ...ጭ።

«ዘግይቷል» አለ ክንዱ። ድምፁ ሻክሯል።

አለበል ዐይኑን ጨፈነ። «አዎ» አለ። «ዘግይቷል።»

«ይሠራል ግን።» ክንዱ አፍንጫውን ሳብ ሲያደርግ ተሰማው። «እስቲ ድገመው።»