ከኋላ የምታንጎራጉረው

ሂርጳ የድራሙን ዱላዎች እርስ በርስ አጋጭቶ ቆጠረና ዘፈኑ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ኤልያቄም ወንበሩ ላይ እንዳለ ወደ ኋላ አለ። የባንዱ ልጆች ለልምምድ የተከራዩት ክፍል ጊንጪ ውስጥ፣ ከአንድ የስንዴ መጋዘን ጀርባ ነው፤ የቆርቆሮው ግድግዳ ሳይቀር ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዘፈኑ የእሱ ነው። አምቦ፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ፣ ስልኩን በርጩማ ላይ አስደግፎ በአንዲት ጊታር የቀዳው። ቀን ቢሮ ይውላል፣ ሲመቸው ዘፈን ይጽፋል፤ ራሱ ግን መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም። የቀዳውን ለወጣት ባንዶች ይልካል፣ እነሱ ይቆርጡታል፣ ይቀጥሉታል። ልብስ ሰፍቶ ለሰው እንደመስጠት ነው ይላል፤ የጠበባቸው ያሰፉታል፣ የረዘመባቸው ያሳጥሩታል። ከፍቶት አያውቅም። ይህኛውም ባለፈው ክረምት ሲልክላቸው በዝግታ የሚሄድ ነበር፤ አሁን ይጋልባል። እሱ በለሆሳስ ያለውን ሩት እየጮኸች ትዘፍነዋለች። ያምርባታል።

ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ሩት ዝም አለችና ዓብዲሳ ጊታሩን ይዞ ወደ ፊት መጣ።

ኤልያቄም ዜማውን ወዲያው አወቀው። የሚስቱ ነው። እሱ ሲቀዳ ጃለኔ ከጀርባው አልጋው ላይ ትራስ ተደግፋ ታንጎራጉር ነበር። ያን ሰሞን ልቧ አብጦ ትንፋሽ አልበቃ ብሏት ነበር። ሦስት አራት ድምፅ ታወጣና ትቆማለች፤ አየር ትስባለች፤ ካቆመችበት ታነሳለች። ጊታሩም እንደዚያው አደረገ። ትንሽ ሄዶ ቁርጥ፣ ትንሽ ሄዶ ቁርጥ። በየክፍተቱ ሂርጳ ድራሙን ይመታል፤ ሩት እጆቿን ከራሷ በላይ አንስታ ታጨበጭባለች።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሦስቱም ላብ በላብ ሆነው ፊቱን ያዩት ጀመር።

«የሴትየዋን ነው ወደ ጊታር የገለበጥኩት፣ ጋሽ ኤልያቄም» አለ ዓብዲሳ። «መጀመሪያ የእርስዎን ብቻ ነበር የምንሰማው። በኋላ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ከኋላ አገኘኋት። የገረመኝ አቆራረጧ ነው። እኩል አይደለም እኮ፤ አንዴ ታስረዝማለች፣ አንዴ ሳይጠበቅ ትቆርጣለች። ለመያዝ ፍዳዬን ነው ያየሁት። የት ተማረችው?»

«ባለቤቴ ናት» አለ ኤልያቄም።

«እንግዲያው ቅዳሜ ለዝግጅታችን ይዘዋት ይምጡ» አለች ሩት። «አምቦ ላይ ሰዉ አብሮን የሚያጨበጭበው እዚያች ክፍተት ጋ ነው። ደስ ካላት መድረክም ላይ ትውጣ።»

አይመቻትም ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ሊለውም አፉን ከፈተ። ግን ስለ እሷ፣ ዛሬም ቤት እንዳለች አድርጎ መናገር አቃተው።

«በኅዳር ቀበርናት» አለ።

ሂርጳ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አጋደመ። «ዋቃዮ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ፣ ኦቦ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት ማለቱ ነው። ኤልያቄም ስለ ማጽናናቱ ራሱን ነቀነቀ።

«ምን ሆና ነው?» አለች ሩት።

«ልቧ ነው። ስንቀዳም ታማ ነበር። ያ የሚቆራረጠው…» እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ትንፋሽ ሲያጥራት ነው።»

ሩት እጆቿን ወደ ኋላዋ ሰበሰበች። ዓብዲሳ በጊታሩ ላይ አቀረቀረ።

«አላወቅንም ነበር፣ ጋሼ» አለ።

«ከየት ታውቃላችሁ?»

«እቀይረዋለሁ። ክፍተቶቹን እሞላቸዋለሁ። ቆይ፣ ይስሙኝ» አለ ዓብዲሳ። ድምፁን ቀነሰና ያለ ድራም ብቻውን መታው።

ዜማው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆም ሄደ። ጣቶቹ ቀድመው የተቆረጡትን እየቀጠሉ፣ የጎደለውን እየሞሉ፣ ወደ ላይ ወጥተው በዝግታ ወረዱ። ኤልያቄም ለዚህ አልተዘጋጀም ነበር። ከቀብሩ ወዲህ የጤነኛይቱን ጃለኔ ድምፅ ለማስታወስ ሲሞክር የሚመጣለት ያ የሚያቃስተው ብቻ ነበር። ሌላው የጠፋ መስሎት ነበር።

ዓብዲሳ አበቃና ቀና አለ። «እንዲህ ይሁን?»

ኤልያቄም ጊታሩ ላይ ያሉትን ጣቶች አየ።

«ለቅዳሜ እንደ መጀመሪያው አድርጉት። እሷ እንደዚያ ነው ያለችው።»

«ጭብጨባውስ?» አለች ሩት።

«ያጨብጭቡ። ምን ያደርጋሉ።» ከዚያ ወደ ዓብዲሳ ዞረ። «ይቺን ግን አንዴ ድገምልኝ። ለእኔ ብቻ።»

ዓብዲሳ ደገመለት።

በተጋቡበት ዓመት፣ ከገበያ ሲመለሱ፣ የሁሉቃን ወንዝ ተሻግረው ወደ ቤታቸው የሚወስደውን ዳገት ሲይዙ ጃለኔ ሁልጊዜ ትቀድመው ነበር። ዘንቢሉን የያዘችው እሷ፣ የምትዘፍነው እሷ፣ የሚያለከልከው እሱ። «ቆይ እንጂ፣ ጠብቂኝ» ይላል ከታች። ዞር ብላ ታየዋለች፤ ከዚያ መውጣቷን ትቀጥላለች።