ካልሞላ አይነሳም

የኮምፒውተር ፕሮግራማችን ከየቀበሌው የሚላከውን የቤት ለቤት መጠይቅ አንድ በአንድ አይሠራም። አሥራ ሁለት ፋይል ሲሞላለት አንድ ላይ ጠቅልሎ ራሱ ይጀምራል። ሽብሩ "የሆሳዕና መናኸሪያ ሚኒባስ በለው፤ ካልሞላ አይነሳም" ይላል። ቢሮው ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነን።

ሐሙስ ከሰዓት የሌሞ ወረዳ ፋይሎች አሥራ አንድ ላይ ቆሙ። ሪፖርቱ ደግሞ ዛሬውኑ ይፈለጋል። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ጋ ሁሉ ደወልኩ። "ጨርሰናል፣ እህት ጵርስቅላ። የቀረ ቤት የለም" አሉኝ።

"አንድ ባዶ ፋይል ጨምሪበትና ይሂድ" አለ ሽብሩ።

"የሌለ ቤት ፈጥሬ አልሞላም!" አልኩት ተናድጄ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥራ ሁለተኛው ፋይል ገባ።

"ሞላ! ተነሳ!" ብሎ አጨበጨበ ሽብሩ።

እኔ ግን ከየት እንደመጣ ለማየት ከፈትኩት። የሰብሳቢው ስም ባዶ ነው። የቤቱ አድራሻ ይኸው የእኛ ቢሮ ነው። አሁን በቤቱ ያሉ ሰዎች ሦስት፦ ጵርስቅላ፣ ሽብሩ፣ ሦስተኛው ስሙን ያልተናገረ።

"አንተ ነህ አይደል የምትቀልደው?"

ሽብሩ መጥቶ አነበበው። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። "እኔ አልነካሁም" አለ።

በዚህ መሐል ሻይ የምታመጣልን ሐዳሳ ገባች። ሁልጊዜ ሁለት ብርጭቆ ነው የምትይዘው፤ ዛሬ ትሪው ላይ ሦስት አለ። አንዱን ለሽብሩ፣ አንዱን ለእኔ አስቀመጠች። ሦስተኛውን እንደያዘች ከኋላዬ ወዳለው ጥግ ዞረችና፣ "እርስዎስ፣ ስኳር ልጨምር?" አለች።

ትንሽ አዳመጠች። ከዚያ ሁለት ማንኪያ ጨመረች።