በአንድ ማሽን

«በአንድ ማሽን የታጠቡ ሰዎች ደማቸው ይገናኛል» ትላለች አክስቴ ሀሊሜ፣ የሚኒባሱን የፊት በር እንደያዘች። ከሱብሂ ሶላት ጀምሮ ይህንኑ ነው የምትለው። ማን እንዳለ ስጠይቃት «ሰዎች» ትለኛለች። እነዚያ ሰዎች ቆቦ ውስጥ የማያውቁት ነገር የለም፤ ቤታቸውን ግን አንድም ቀን አሳይታኝ አታውቅም።

አባቴ ዘይኑዲን ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጧል። እግሮቹ አብጠዋል፣ ፊቱ ዐመድ መስሏል። ሐኪሙ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል፣ እጥበቱ ከዚህ ሳምንት አይለፍ ብሎታል። ትናንት ከደሴ ሆስፒታል ተደውሎ ለዛሬ ከሰዓት ቦታ ተገኘ።

«እሱም እዚያው አይደል የሚታጠበው?» ይለኛል፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

«እሱ» የጎብዬው አሊ ነው። ስሙ እኛ ቤት አይጠራም። በክረምት ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ማን ወደ ማሳው ይጥለፍ በሚል ጠብ፣ የአሊ ወንድም አጎቴን፣ የአባቴን ወንድም፣ ገደለው። ገዳዩ ታስሯል፤ ሽማግሌዎች ግን ተቀምጠው በእርቅ ደሙን ገና አላደረቁም። እስኪያደርቁት ድረስ ሁለቱ ቤት ከአንድ ውሃ አይጠጣም፣ አንድ ጥላ ሥር አይቀመጥም። ይህን ያፈረሰ የወንድሙን ደም ሸጠ ይባላል።

«እዚያው ነው» እላለሁ። መዋሸት እችል ነበር፤ ለሀሊሜ ወሬ ብዬ ግን ውሸታም አልሆንም። «አባ፣ ስማኝ። ደሙ የሚያልፍበት ቱቦም፣ ማጣሪያውም ለየሰዉ ለብቻው ነው። አንብቤያለሁ፣ የሆስፒታሉን ነርስም ጠይቄያለሁ። የማንም ደም ከማንም አይገናኝም።»

«ማሽኑስ?»

«ማሽኑ... አንድ ነው።»

«አላልኳችሁም!» ትላለች ሀሊሜ፣ እንደተፈረደላት ሰው።

«አክስቴ፣ ወፍጮ ቤትም ማሽኑ አንድ ነው። የአንችና የጎረቤትሽ እህል ተገናኝቶ ያውቃል?»

«ያውቃል እንጂ! የሷ ማሽላ ገብቶበት አይደል የጤፍ ዱቄቴ የቀላው?»

ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ይስቃሉ። እኔ ከንፈሬን እነክሳለሁ። አባቴ አይስቅም።

«ጀዊሪያ፣ እጥበቱ ያድነኛል?»

«አያድንህም። ያቆይሃል።»

«ባልታጠብስ?»

«አባ...»

«ጠየቅሁሽ እኮ።»

«ሳምንታት። ምናልባት ከዚያም ያነሰ።»

ራሱን ይነቀንቃል፣ የእህል ዋጋ እንደነገሩት ገበሬ። «ብታጠብ ደግሞ ከሳምንቱ ግማሹን እዚያ ወንበር ላይ። ሌላውን ግማሽ ደሴ፣ ሰው ቤት ተጠግቼ። ማሽላዬን ወፍ ይብላው።»

«ወፉን እኔ አባርራለሁ።»

«በምላስሽ ከሆነስ አንድም አይቀርብ።» ፈገግ ሊል ይሞክርና ይተወዋል።

ሹፌሩ ዒምራን ጥሩምባውን ይነካል። «አባባ፣ እንሂድ እንጂ! ወልድያ ሰው ይጠብቀኛል።»

አባቴ እጁን ከፍ ያደርጋል፤ ሹፌሩ ዝም ይላል። ይህ እጅ ሲነሳ ብዙ ሰው ዝም ብሏል፤ የሌላውን ቤት ደም ሲያደርቅ የኖረ ሽማግሌ ነው።

«ሮቢት ላይ አንድ ጎረምሳ ከገዳዮቹ ቤት ውሃ ጠጣ ተብሎ ቀረበልን» ይላል። «ደም ሸጠሃል ብዬ የፈረድኩበት እኔ ነኝ። አሁን በራሴ ነፍስ ሲመጣ ላፍርሰው?»

«ያ ውሃ ነው፣ አባ። ይህ ሞት ነው።»

«ያም ልጅ ጠምቶት ነበር።»

እጮሃለሁ። «የሞተውን ደም ስትጠብቅ የእኔስ? እኔ ደምህ አይደለሁም?»

አባቴ ዞሮ ያየኛል። ከዚያ ያበጠ እግሩን አንስቶ ወደ ውጭ ያወጣል።

«ኧረ ወንድሜ!» ሀሊሜ በሩን መልሳ ልትዘጋበት ትታገላለች። «እኔ እኮ እንዲያው ሰዎች ያሉትን ነው! ወላሂ አላየሁም! ምኑን አውቄው? ሂድ፣ ታጠብ፣ በአላህ!»

«በሩን ልቀቂው፣ ሀሊሜ» ይላል አባቴ።

ትለቀዋለች። ይወርዳል፣ እኔም ከኋላው። ሚኒባሱ የእሱን ቦታ ባዶ ይዞ አስፋልቱን ይይዛል፤ አባቴም ትከሻዬን ሳይዝ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ቤት መንገድ ይጀምራል። ሀሊሜ እያለቀሰች ትከተለዋለች።

ለነርሷ፣ ለሲስተር ሕይወት እደውላለሁ። «አባቴ አይመጣም።»

«እንዴ! ዛሬ ካልመጡ እኮ ቦታውን መያዝ አልችልም። በር ላይ የሚጠብቁ አሉ።»

«ስጭው» እላለሁ፣ ቶሎ ብዬ።

ስልኩን ሳትዘጋ የአንዲት ሴት ስም ስትጠራ ይሰማኛል። «ግቡ፣ እማማ፣ ተራዎ ደርሷል» ትላለች። ወንበር ይጎተታል። አንድ ሰው አላህን ያመሰግናል። ከዚያ ትመለስልኛለች።

«ያሳዝናል» ትላለች። «ቦታውን የለቀቁት ሽማግሌ ሲሰሙ ምን ይሉ ይሆን?»

«የቱ ሽማግሌ?»

«አባባ አሊ ናቸዋ፣ የጎብዬው። ትናንት ‹እኔ በቃኝ፣ ደከመኝ› ብለው እጥበቱን አቆሙ፤ ብንለምናቸው እምቢ አሉ። ‹ቦታዬን ግን ለቆቦው ዘይኑዲን ስጡልኝ› ብለው ነው የወጡት። ዘመዳችሁ ናቸው አይደል?»