ኮከቧን ሲጫኑ

ሐጂ ሙሐዲን ሰው አያምኑም። ስለዚህ የቀጨኔ ቤታቸውን አሮጌ ቁልፍ አስነቅለው በቁጥር የሚከፈት አስገጠሙ። "ቁልፍ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ይቀረጻል። ቁጥር ግን ጭንቅላት ውስጥ ነው" አሉ።

የገጠመላቸው ቁልቁል ወረድ ብሎ የጥገና ሱቅ ያለው ጢሞቴዎስ ነው። ከቁጥሮቹ በታች ያለችውን ባለ ኮከብ መጫኛ አሳያቸው። እሷን ሲጫኑ በሩ መጨረሻ በቁጥር የተከፈተበት ሰዓት ይወጣል።

"ሰዓቱን በሀበሻ አድርግልኝ።"

"ይቻላል ሐጂ። ግን እንደሱ ካደረግነው..."

"ግን የሚሉት ነገር አልወድም። ያልኩህን ሙላ!"

ጢሞቴዎስ ሞላ። የሐጂ ምራት ሩፋይዳ ውሃ አቀበለችው። አመሰገናት፤ ፈገግ አለች። ሐጂ ያቺን ፈገግታ አልወደዷትም።

የሩፋይዳ ባል ሂሻም የጂቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። እሷ የሦስት ወር ልጇን ጀናን ታቅፋ አማቷ ቤት ነው የምትኖረው፤ ገና ደጅ መውጣት አልጀመረችም። ቁጥሩን የሚያውቁት ሐጂና ባልና ሚስቱ ብቻ ናቸው።

ለሐጂ ሁለት ነገር አይታለፍም፤ ሶላትና ክብር። የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን፣ መስጊድ ሰግደው ሲመለሱ የልጅ ልጃቸው እንዳትነቃ ቁጥሩን በቀስታ ተጭነው ይገባሉ። ማታ ከአዲሱ ገበያ ብርድ ልብስ መሸጫቸው ሲመጡ ግን በሩን በጡጫ ነው የሚሉት። ምራት ተቀምጣ አማት በር ሊከፍት? እሱ አይሞከርም።

በሳምንቱ አንድ ማታ በሩን ከመደብደባቸው በፊት ኮከቧን ተጫኑ። 11:48 አለች። የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። በ11:48 እሳቸው ሱቃቸው ውስጥ ከደንበኛ ጋር እየተከራከሩ ነበር።

"ዛሬ ማን መጣ?" አሉ ገና እግራቸው ሳይገባ።

"ማንም አልመጣም አባ።"

"ወጥተሽ ነበር?"

"ይቺን ልጅ ይዤ የት እወጣለሁ?"

በማግሥቱ 11:52። በሦስተኛው ቀን 11:49። የሐጂ ደም ፈላ። ሰው ቢጠይቁ ጢሞቴዎስ ሱቁን የሚዘጋው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው አሏቸው። ከሱቁ እስከ ቤታቸው ዳገቱን ለሚወጣ ጎረምሳ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሒሳቡን ሠሩት፤ ገጠመላቸው።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ብለው መነጽራቸውን አደረጉና የመመሪያውን ወረቀት እያዩ ቁጥሩን ቀየሩት። ለሩፋይዳ አልነገሩም። ለገዛ ልጃቸውም አልነገሩም።

በሚቀጥለው ማታ ኮከቧ 11:51 አለች።

አሁን የቀረ ጥርጥር የለም። ከሐጂ በቀር ማንም የማያውቀውን ቁጥር፣ ራሱ የገጠመው ሰው ካልከፈተው ማን ይከፍተዋል?

በሩን ሲደበድቡት ጀና ነቅታ አለቀሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ ግድ አልሰጣቸውም።

"ያንን ቁልፍ ሠሪ ቤቴ ታስገቢዋለሽ?"

"ወላሂ አባ! ከገጠመ ወዲህ ዓይኑንም አላየሁት!"

"በአላህ ስም አትዋሺ! በሩ ራሱ መስክሮብሻል። በሩ ምን ጥላቻ አለው?"

"እሺ እሱን ያስጠሩትና እፊቴ ይጠይቁት። በሩን የሚያውቀው እሱ ነው።"

"ቤቴ ድጋሚ ሊረግጥ? አፍሽን ዝጊ!"

ሂሻም ጋ ደወሉ። ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተቀየረውን ቁጥር አንድ በአንድ ነገሩት። ሩፋይዳ በስሙ ጠራችው፤ እሱ ግን የመለሰው ለአባቱ ነው።

"አባ፣ እርስዎ ያዩትን እኔ አልክድም" አለ። "ፈትቻታለሁ። ወንድሟ ይምጣና ይውሰዳት።"

ወንድሟ ፈሀድ ከአንድ ሰዓት በኋላ በታክሲ መጣ። ሐጂን ሰላም አላላቸውም፤ እሳቸውም አልጠበቁትም። ሩፋይዳ አንዲት ሻንጣና ልጇን ይዛ ወጣች። በሩ ላይ ዞር አለች።

"አባ፣ አላህ ያሳይዎት።"

"አሳይቶኛል" አሉና ዘጉባት።

ሐጂ ያን ሌሊት ደህና ተኙ። ክብራቸውን ያዳኑ መስሏቸው ነበር፤ ደስም ብሏቸዋል። ለሱብሂ እንደ ወትሮው ቀድመው ተነሡ፤ ሰገዱ፤ ለልጃቸው ዱዓ አደረጉ። ሲመለሱ የእንጦጦ ባሕር ዛፎች ከጭለማው መለየት ጀምረው ነበር። የምትቀሰቀስ ሕፃን ስለሌለች ቁጥሩን ጠበቅ ጠበቅ አድርገው ተጫኑት። በሩ ተከፈተ።

ከመግባታቸው በፊት፣ ከእንግዲህ ማን እንደሚደፍረኝ እናያለን ብለው ኮከቧን ተጫኑ።

11:50 አለች። የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ የንጋቱ 11:50 ነው።