አስቀምጪው፣ አየዋለሁ

ፈተናው ሊደርስ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው የዘርፈሽዋል ትዕግሥት አለቀ።

ለመምህርነት ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ይሄ ሦስተኛውና የመጨረሻው ነው። ካለፈች አንኮበር ላይ የታሪክ መምህርት ትሆናለች፤ ከወደቀች ደነባ ተመልሳ የወንድሟ ጥገኛ ናት። የወንድሟ ሚስት ምሳ ስታቀርብላት ሳህኑ ጠረጴዛ ላይ እንዴት ኳ ብሎ እንደሚያርፍ ታውቀዋለች። ያንን ድምፅ ደግማ ልትሰማው አትፈልግም።

ዓይነ ስውርነቷ ከትምህርት አላገዳትም። ደብረ ብርሃን፣ በበሬሳ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚናገር ኮምፒውተር አለ፤ የምትጽፈውን ሁሉ በጆሮዋ ይነግራታል። የቸገራት የፈተናው መጽሐፍ ነው። በወረቀት ብቻ ነው ያለው፤ በስልኳ ፎቶ አንስታ ስታስነብበው ስልኩ ግማሹን ይውጠዋል። ለዚሁ የሚሆን ማሽን በእርዳታ መጥቶ ነበር። ገጹን ከሥሩ ሲያደርጉለት ጥርት አድርጎ ያነባል። የተመረቀ ዕለት አንድ ገጽ ቢያነብላት፣ ዘርፌ ሰው ፊት አለቀሰች።

ከዚያ ማሽኑ የኃላፊው የአቶ ገብረ ጻድቅ ቢሮ ገባና በሩ ተቆለፈበት።

«ተበላሽቷል» አሏት በመጀመሪያው ሳምንት። በሁለተኛው «ባለሙያ እየጠበቅን ነው» ሆነ። በሦስተኛው «እስቲ ነገ ነይ»። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ነገሩ።

ጥበቃው ጋሽ ይሁኔ አንድ ቀን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ከሐምሌ ወዲህ በየወሩ አዲስ አበባ ይመላለሳሉ። ለምን ቢባሉ አይናገሩም። እኔ እንግዲህ አላውቅም ልጄ፣ ግን እንዲህ ያለ ዕቃ ገዢ አያጣም።»

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። ዘርፌ አመነች፤ ለማመንም ምክንያት አላጣችም። ሰውየው ኩሩ ናቸው። ደረጃው ላይ በጫማቸው ድምፅ ትለያቸዋለች፤ ትከሻዋን ገጭተው እንኳ ሰላም ሳይሏት ያልፋሉ። «እንደምን አደሩ» ስትላቸው ብቻ ነው «አ፣ ዘርፌ!» የሚሉት። በደብረ ብርሃን ብርድ እንኳን የሚያውቁትን ሰው፣ የማያውቁትንም ሰላም ሳይሉ አያልፉም። ወረቀት ያንብቡልኝ ስትላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «አስቀምጪው፣ አየዋለሁ»። ሥራቸውን አያውቁም እንዳይባል፣ መጽሐፍ ሲጠየቁ ከወንበራቸው ሳይነሡ «ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከግራ ሰባተኛው» ይላሉ። መጽሐፉም እዚያው ይገኛል። እያወቁ ሰው መበደል ነው እሷን ያንገበገባት።

ረቡዕ ጠዋት የሚናገረው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ አቤቱታዋን ጻፈች። «ኃላፊው ለእኛ የመጣውን ማሽን ቆልፈውበታል፤ ለሽያጭ ይሁን ለሌላ አናውቅም። እኛ ባናይ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው፤ እሳቸው ግን ዓይን እያላቸው አያዩንም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግማ አስነበበቻት። አንጀቷን አራሰችው።

በሁለት ቅጂ አሳተመችው። ከቤተ መጻሕፍቱ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ ግን የኃላፊው ማኅተም ካላረፈበት የበላይ መሥሪያ ቤቱ አይቀበልም። ክስሽን ለተከሳሹ አስፈርሚ ማለት ነው እንግዲህ። ይሁን ብላ ሄደች።

«ምንድን ነው?» አሉ አቶ ገብረ ጻድቅ፣ ወረቀቶቹን በእጃቸው ስታስጨብጣቸው።

«ያንብቡት» አለች።

ወረቀቱ ኮሽ አለ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ዕቃ መተረማመስ ጀመረ፤ ማኅተሙን የሚፈልጉ ሳይሆን ጊዜ የሚገድሉ መሰላት።

«አይቼዋለሁ፣ መልካም ነው» አሉ በመጨረሻ። ማኅተሙ ሁለት ጊዜ ጧ ጧ አለ። ቀሪውን አስቀርተው ዋናውን መለሱላት። «ለፈተናሽ ይቅናሽ።»

ዘርፌ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። በገዛ ክሱ ላይ ማኅተም መትቶ ይቅናሽ የሚል ሰው! ንቀት ካልሆነ ምን ይባላል?

የበላይ መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ሰርካለም ወረቀቱን ተቀብላ ሳቅ አለች።

«ይሄማ አይሆንም እህቴ። ማኅተሙ ተዘቅዝቋል። ፊርማቸውም ጽሑፉ ላይ ወጥቶ ሁለት መስመር አጥፍቷል። አስተካክለው ይስጡሽ።»

«ሆን ብለው ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ሰሞኑን እንዲህ ሆኖ ሲመጣ ግን ይሄ የመጀመሪያው አይደለም።»

አሁን ገባት። ፈርሞ አለመፈረም! ወረቀቱ ተመላልሶ ፈተናው እንዲያልፍባት ነው። ከንዴቷ የተነሣ የባጃጁን ሹፌር መልስ እንኳ ሳትቀበለው ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ወረደች።

የምሳ ሰዓት ነበር። «አሉ፣ ግን በምሳ ሰዓት ማንም እንዳይገባ ብለዋል» አሏት ጋሽ ይሁኔ። አልሰማቻቸውም። በትሯን አጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተች፤ ድምፅ ሳታሰማ ልትደርስባቸው ነው። ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ ቢሮው ሄደች። ወትሮ የሚቆለፈው በር ዛሬ አልተቆለፈም።

ከውስጥ ድምፅ ይሰማል። ያ ድምፅ! በምረቃው ዕለት ያስለቀሳት፣ ተበላሽቷል የተባለው። ጥርት ብሎ ያነባል።

በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። የቀትር ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ፊቷን ሞቃት። የምትለውን እያዘጋጀች አፏን ከፈተች፤ ግን ማሽኑ ቀደማት።

«…እሳቸው ግን ዓይን እያላቸው አያዩንም» አለ።

የማሽኑ ቁልፍ ቀጭ አለ።

«እሳቸው ግን ዓይን እያላቸው አያዩንም» አለ ማሽኑ እንደገና።

ወረቀቱ ከዘርፌ እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ኮሽ አለ።

«ማነው?» አሉ አቶ ገብረ ጻድቅ፣ ሁለት እርምጃ ከፊት ለፊታቸው፣ ፀሐይ ላይ ለቆመችው ለዘርፈሽዋል።