የደምሰው ሕመም

በዚያ ዘመን የአንዱን ሕመም ነርቩ የሚገጥም ሌላ ሰው ይሸከምለት ነበር። የደምሰው የተሰበረ ጭን በብረት ተጠግኖ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ሚስቱ ሰርካለም ልሸከምለት ብላ ተመረመረች፤ የእሷ ነርቭ ግን አልገጠመም። የገጠመው የፊተኛዋ ሚስቱ የፀዳለ ነበር፤ እሷም እሺ አለች።

ከዚያ ወዲህ ደምሰው እግሩን መሬት ላይ የሚያሳርፈው እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ነው። ሰርካለም ባየችው ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። ለእሷ እንዲህ ተጠንቅቆላት አያውቅም።

አንድ ጠዋት ቁስሉን ስታጥብለት፣ «ቀስ በይ እንጂ፣ ያማታል» አላት።

ሰርካለም አውራ ጣቷን ቁስሉ ዳር አሳርፋ ተጫነች። ደምሰው ሻዩን መጠጣቱን ቀጠለ። ወዲያው ስልኳ ጠራ፤ በረንዳ ወጥታ አነሳችው።

«እህቴ፣ እግሩ አሁን ክፉኛ አመመኝ» አለች ፀዳለ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ወድቆ ነው እንዴ?»

«አልወደቀም። እኔ ነኝ የተጫንኩት።»

«እሱን ተሰማው?»

«አልተሰማውም።»

«እንግዲያው ደህና» ብላ ዘጋች።

ሰርካለም የዚያን ቀን ያህል በሰው ቀንታ አታውቅም።